የተገዘተችው ብስክሌት

እናቴ ብስክሌቴን አስገዘተችብኝ። ቀልድ እንዳይመስላችሁ። ሰካራም ከአረቄ ሲገዘት አይቻለሁ። የተኳረፉ ወንድማማቾች ካልታረቃችሁ ተብለው ሲገዘቱ አይቻለሁ። ድንበር የገፋ ገበሬም ሲገዘት አይቻለሁ። ብስክሌት ስትገዘት ግን ያየሁት በገዛ ቤታችን፣ በገዛ ጓዳችን ነው። ከትምህርት ቤት ስመለስ የእናቴ የነፍስ አባት መምሬ ወልደ ገብርኤል መስቀላቸውን እንደያዙ ከጓዳ ሲወጡ ደረስኩ። እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ከኋላቸው ትከተላለች።

«ምን ተደረገ?» አልኩ።

«በጴጥሮስ በጳውሎስ ሥልጣን ገዝተውልኛል» አለች እናቴ። «ከእንግዲህ እዚያች ብስክሌት ላይ የሚቀመጥም፣ የሚጠግናትም፣ የሚነካትም ውጉዝ ነው።»

መምሬ ዓይኔን ሳያዩ መስቀላቸውን ዘረጉልኝ። ንዴቴን ዋጥ አድርጌ ተሳለምኩ። ምን ላድርግ?

ሐመልማል እባላለሁ። እዚሁ ደባርቅ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ትንሽ ነው የቀረኝ፤ አላገባሁም፣ አልወለድኩም፣ በዚህ ላይ ሱሪ ታጥቄ ብስክሌት እነዳለሁ። ለከተማው ወሬኛ ይህ ሁሉ አንድ ሰው ላይ ተደምሮ ሲገኝ ሠርግና ምላሽ ነው። «ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች» እያሉ ይተርቱብኛል። ይተርቱ። ሲተርቱ ከሚውሉበት በረንዳ አንድ ቀን ተነስተው የከተማውን ዳገት በእግራቸው እንኳ አልወጡትም።

እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ አምስት ስድስት ሆነን እንሰበሰባለን። ብየዳ ቤት ያለው አንዱዓለም አለ፣ ባጃጅ የሚነዳው ገዱ አለ፣ የጎረቤታችን ልጅ ኪዳኑ አለ፣ ሌሎችም እንዳመቻቸው ይመጣሉ። ክለብ የለን፣ አሰልጣኝ የለን፣ ማልያችን እንኳ ከዚህም ከዚያም የተለቃቀመ ነው። ከደባርቅ ዳባት፣ ከዳባት ደባርቅ እንሽቀዳደማለን። ያሸነፈ የሚያገኘው እስከሚቀጥለው እሑድ የሚያበቃው ጉራ ነው።

«ታዲያ ምን አገኘሽበት?» ትለኛለች እናቴ።

እንዴት አድርጌ ላስረዳት? ቁልቁለቱ ላይ መሪው ላይ ተደፍቼ ስለቃት፣ ነፋሱ ጆሮዬን ሲደፍነው፣ የደመወዙም የኑሮውም የ«መቼ ነው የምታገቢው»ውም ነገር ከኋላዬ ይቀራል። ዳገቱ ላይ ደግሞ ሳንባዬ ሊፈነዳ ሲደርስ ከፊቴ ያለው ሰው ትከሻው መወዛወዝ ሲጀምር አያለሁ። ደክሞታል። ያኔ ከኮርቻዬ ብድግ ብዬ ፔዳሉን እመታዋለሁ። በዚህ አገር ሴት ልጅ ወንዱን በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው እያየ ጥላው የምትሄድበት ሌላ ቦታ ካለ አሳዩኝና ብስክሌቱን ልተወው።

አደጋ የለውም አልልም። አለው። ላም ሳታስበው ከማሳው ዘላ አስፋልት ላይ ትገባለች። ሚኒባስ ተሳፋሪ ባየ ቁጥር መንገዱ መሃል ይገተራል። ኅዳር ላይ ሻረው የሚባል ልጅ ወቅን መግቢያ ላይ ገለባ ከተጫነች አህያ ጋር ተጋጭቶ የፊት ጥርሶቹን አስፋልቱ ላይ ትቶ መጣ። እናቴ ልትጠይቀው ሄደች። ስትመለስ ያበጠ ከንፈሩን እያሰበች እህል አልቀምስ አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው መምሬ ዘንድ መመላለስ የጀመረችው።

ብልጠቷ ደግሞ! እኔን ብታስገዝተኝ በእልህ ላፈርሰው እንደምችል ታውቃለች፤ ያኔ ውግዘቱ በልጇ ላይ ሊያርፍ ነው። ስለዚህ ብስክሌቷን አስገዘተች። እኔን አንዲቷን መያዝ ሲያቅታት ከተማውን በሙሉ አሰረችብኝ። አንዱዓለም ጎማዬን በነፋስ አልሞላም አለ። ገዱ ጓዳችን በር ላይ ሆኖ አንገቱን አስግጎ አያትና ልክ የሞተ ሰው እንዳየ አማተበ። እኔስ ብትሉ? ዩኒቨርሲቲ ጨርሻለሁ፣ ስለ ሴልና ስለ ደም ዝውውር አስተምራለሁ፤ ግዝት ግን ግዝት ነው። እጄን ሰድጄ ልነካት እልና እመልሰዋለሁ። እንደዚያን ሰሞን በራሴ ላይ ተናድጄ አላውቅም።

ነገሩ የባሰው ጥር ሲገባ ነው። ከጎንደር የብስክሌት ክለብ ሊያቋቁሙ የሚፈልጉ ሰዎች ሴት ተወዳዳሪ እያሰሱ ነው ተባለ። ከጥምቀት በኋላ ባለው እሑድ ዳባት መጥተው ሊያዩኝ ቀጠሩ። እንዲህ ያለ ዕድል እኛ ጋ ሁለቴ አይመጣም። መምሬን ልለምናቸው ሄድኩ። ደጀ ሰላሙ ጥላ ሥር ተቀምጠው ዳዊት ሲደግሙ አገኘኋቸው።

«አባ፣ ይፍቱልኝ።»

«ወለተ ጊዮርጊስ» አሉኝ በክርስትና ስሜ፣ «እናትሽ እግሬ ላይ ወድቃ ብታለቅስ ነው የገዘትሁት። ያስገዘተ ሳይመጣ እንዴት ይፈታል? ይዘሻት ነይ፣ እፈታዋለሁ።»

«እሷ ደግሞ አባ ካልፈቱት እኔ ምን አገባኝ ነው የምትለኝ።»

«እንግዲህ እናትሽ ናት።»

«ብረት እኮ ነው የገዘቱት አባ! ብረት ነፍስ የለው፣ ንስሐ አይገባ!»

ፈገግ አሉ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ይበልጥ የሚያናድደኝም እሱ ነው። «ለብረቱ ብየ አይደለም ልጄ። አንቺ ትተርፊ እንደሁ ብየ ነው» አሉና ወደ ዳዊታቸው ተመለሱ። እንዳያማህ ጥራው፣ እንዳይበላ ግፋው ማለት ይኸው ነው። እናቴ ወደ እሳቸው ትመራኛለች፣ እሳቸው ወደ እናቴ ይመልሱኛል። እንደ ኳስ መሃል ሜዳ ቀረሁ።

የሚያዝንልኝ ኪዳኑ ብቻ ነበር። ኪዳኑ ለእናቱ ለእትዬ ስንዱ አንድ ነው፤ አባቱ ቀደም ብለው ሞተዋል። ከቱሪስት ጋር ሰሜን ተራሮች ላይ እየወጣ ምግብ ያበስል ነበር። ቱሪስቱ ሲጠፋ ሥራውም ጠፋና ቀኑን የሚገፋው ብስክሌቱን እየወለወለ ሆነ። ደህና የኮርስ ብስክሌት ነበረችው። በዚህ ያለፈ አንድ ፈረንጅ ብስክሌተኛ አገሩ ሲመለስ የተወለት ናት፤ ሚስቱ ትመስል ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ብስክሌቱን እየገፋ ግቢያችን ገባና እኔ ላይ አስደገፋት።

«ውሰጃት» አለኝ።

«አንተስ?»

«ገዱ አዲስ ሲይዝ የተዋትን አሮጌዋን እይዛለሁ።»

«የገዱ ፍሬን አይይዝም እኮ!»

«ዳባት ድረስ ትችላለች። እኔን ሊያይ የሚመጣ ማን አለ? አንቺን ነው። ደግሞ ግዝቱ ያንቺዋ ላይ ነው እንጂ የኔዋ ላይ የለም። አባ እንደሱ አላሉም» ብሎ ሳቀ።

እምቢ አልኩ። ደገመና ለመነኝ። እሺ አልኩ።

የገዱን ብስክሌት አንዱዓለም ዘንድ ወሰድናት። አንዱዓለም ጎማዋን አሽከረከረና ፍሬኗን ያዝ ለቀቅ አደረገው። «የፍሬን ጎማው አልቋል። እዚህ ከተማ ደግሞ አይገኝም፣ ከጎንደር ማስመጣት ነው» አለ።

«የኔዋ ላይ ያለው አዲስ ነው» አልኩት። «ልኩም አንድ ነው። ፍታና ግጠምለት።»

አንዱዓለም ቀና ብሎ አየኝ። ግዙፍ ሰውዬ ነው፤ ብረት በእጁ ያጣምማል። «የነካት ውጉዝ ነው ተብሎ የለ እንዴ? ልጆች አሉኝ እኮ ሐመልማል» አለ። ከዚያ ወደ ኪዳኑ ዞረና «ዝም ብለህ ቀስ በል። ሰኞ አስመጣልሃለሁ» አለው። ኪዳኑም ቀስ እላለሁ አለ። ብስክሌተኛ ቀስ እላለሁ ሲል ያመነ ሰው ብስክሌት ነድቶ አያውቅም።

እሑድ ጠዋት ከቅዳሴ ወጥተን ተነሳን። ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር። የኪዳኑ ብስክሌት ከሥሬ እንደ ውሃ ነው የምትሄደው። ከወቅን በፊት ባለው ዳገት ላይ አንዱዓለምን አለፍኩት፣ ገዱንም አለፍኩት። ኪዳኑ ከኋላዬ «ሂጂ! ሂጂ!» እያለ ይጮሃል። በዚያች በአሮጌ ብረት እንዴት እንደደረሰብኝ እግዜር ይወቅ፤ ዳገት ላይ እኮ ፍሬን አያስፈልግም። ጫፉ ላይ ስንደርስ ዞሬ አየሁት። ላብ በላብ ሆኖ ጥርሱ በሙሉ ይታያል። ከዚያ ቁልቁለቱ መጣ፣ እኔም ለቀቅኳት። ወደኋላ አላየሁም። እሽቅድምድም ላይ ወደኋላ አይታይም።

ዳባት ቀድሜ ገባሁ። የጎንደሮቹ ሰዎች አጨበጨቡ። አንዱ ስልክ ቁጥሬን እየመዘገበ ሳለ ገዱ ደረሰ፣ አንዱዓለም ደረሰ። ኪዳኑ የለም። ዳገቱ ጫፍ ላይ ቆሞ ትንፋሹን ሲሰበስብ ነው ያለፍነው አሉ። ጎማ ፈንድቶበት ይሆናል ተባባልን። ኋላ ከወቅን በኩል የመጣ ባጃጅ ቆመና ሾፌሩ ሳይወርድ «ከናንተ አንዱ ቱቦው ጋ ወድቋል» አለን።

የሆነው ይህ ነው። ከመታጠፊያው ወዲያ አንድ ሚኒባስ እንደልማዱ መንገዱ መሃል ቆሞ ተሳፋሪ ይጭናል። እኔም እነ ገዱም ያለፍነው ከመቆሙ በፊት ነው። ኪዳኑ መታጠፊያውን ወጥቶ ሲያየው ፍሬኑን ያዘ፤ ፍሬኑ አልያዘም። ከመኪናው ጀርባ አንዲት ሴት ልጅ አዝላ ቆማ ነበር። እሷን ለማዳን መሪውን ጠመዘዘና ከውሃ መውረጃ ቱቦው ግንብ ጋር በደረቱ ተላተመ። ስንደርስ አንድ ሽማግሌ ጋቢያቸውን አልብሰውታል። እግሩ ብቻ ከጋቢው ውጪ ነበር፤ አንዱ ጫማው የለም።

አላለቀስኩም። የገዱን ብስክሌት ከቦዩ ጎትቼ አወጣሁና የኋላውን ጎማ በእጄ አሽከርክሬ ፍሬኑን ጨመቅኩት። እጀታው እስከ መሪው ድረስ ገባ። ጎማው ግን መሽከርከሩን ቀጠለ። ገዱን «ና እይ!» አልኩት። ፊቱን አዞረ። «እይ አልኩህ!» እያልኩ አስፋልቱ ላይ ስጮህ ሰዎች ይዘው አስቀመጡኝ።

በለቅሶው ሰሞን ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆነ። ፍሬኑ እንደማይሠራ እናውቅ ነበር የሚለው በዛ። ሹፌሩን የሚረግም አለ፣ መንገዱን የሚረግም አለ፣ ብስክሌትን የፈለሰፈውን ሰውዬ የሚረግምም አለ። እናቴ ከእትዬ ስንዱ ጎን አልተነሳችም። አብረው የጽዋ ማኅበር የሚጠጡ፣ አብረው ያረጁ ጎረቤቶች ናቸው። አቅፋት አለቀሰች፣ ደረቷን መታች። ልቅሶዋ የእውነት ነበር፤ እሱን አልክድም። ማታ ግን ቤት ስንገባ ጧፍ አብርታ ሥዕሉ ፊት ተንበረከከች።

«ተመስገን» አለች። «ልጄን አተረፍህልኝ።»

«ምን አልሽ?»

«ግዝቱ አተረፈሽ ልጄ። ብስክሌትሽ ላይ ብትሆኝ ዛሬ እኔ ነበርሁ ስንዱ።»

«እማየ፣ እኔ ብስክሌት ላይ ነበርኩ እኮ! ያንኑ መንገድ ነው የሄድኩት! ኪዳኑ ደህናዋን ለኔ ሰጥቶ ነው በፍሬን የለሿ የሄደው። ለምን? የኔዋ ስለታሰረች! የፍሬን ጎማዋን ፈትቶ የሚገጥምለት ሰው እንኳ የጠፋው አንቺ ባስገዘትሽው ነው!»

«እንዲህ አትበይ።»

«እላለሁ!»

«ቀኑ ደርሶ ነው።»

«ቀኑን ያደረሰው ማን ነው?»

በጥፊ መታችኝ። ከልጅነቴ ወዲህ መትታኝ አታውቅም። ከዚያ የመታችበትን እጇን አፏ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። እኔም ወጥቼ ግቢ ውስጥ ቆምኩ፤ አጥር ማዶ የእትዬ ስንዱ ልቅሶ ይሰማል። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ አደረግሽ የሚለኝ ካለ ይበለኝ። ብስክሌቱን ተቀብያለሁ፣ ቁልቁለቱ ላይም አልጠበቅኩትም። የኔን ድርሻ ለማንም አልሰጥም። እናቴ ግን ያንን ሁሉ ትታ ድርሻዋን ምስጋና አደረገችው፤ አንጀቴን ያሳረረው እሱ ነው።

መቼ አበቃና። የኪዳኑ አርባ እንኳ ሳይወጣ የደብራችን ንግሥ ደረሰ። እናቴ ለካ ሥዕሉ ፊት የተንበረከከች ማታ ተስላ ኖሯል። ከጎንደር ጃንጥላ አስመጣች፤ ጫፉ ላይ ወርቃማ ዘርፍ የሚወዛወዝ፣ ቀይ ከፋይ።

«እትዬ ስንዱ እዚያ ትሆናለች እኮ» አልኳት። «እባክሽ ለሌላ ጊዜ አቆይው። ወይም በድብቅ ስጪ።»

«ስለት አይደበቅም» አለች። «አንቺ ነሽ የተረፍሽ፣ አንቺ ትይዥዋለሽ።»

መያዙንስ ለምን እሺ እንዳልኩ ልንገራችሁ። ከጎኗ ሆኜ አፏን ልዘጋላት ነበር ሐሳቤ። ስሟን ብቻ እንዲጠሩ፣ ስለ አስፋልት እንዳያነሱ መምሬን ልለምናቸው ነበር። ግን የሕዝቡ ብዛት መች ያደርሰኛል? መምሬ ወልደ ገብርኤል ከታቦቱ አጠገብ ድምፅ ማጉያ ይዘው ስለት ይቀበላሉ። ምንጣፍ አለ፣ ጧፍ አለ፣ ወይፈን ያመጣም አለ። በያንዳንዱ ስለት ሴቶቹ እልል ይላሉ። ተራችን ደረሰና እናቴ ጆሯቸው ሥር አንሾካሾከች። እኔ አፌን ሳልከፍት ድምፃቸው ከግቢው አልፎ ተሰማ።

«ወይዘሮ ደብሪቱ፣ በግዝት ጸንታ ልጇን ከአስፋልት ሞት ስላተረፈላት ጃንጥላ አግብታለች! እልል በሉ!»

እልልታው ቀለጠ። እኔ ጃንጥላውን እንደያዝኩ ቆሜያለሁ፣ ፊቴ ይነድዳል። ያን ጊዜ ከግንቡ ሥር ጥቁር የለበሰች ሴት ተነስታ ስትመጣ አየሁ። ሐዘንተኛ ናትና ሕዝቡ መንገድ ለቀቀላት። እትዬ ስንዱ መጥታ መምሬ እግር ሥር ወደቀች። አልጮኸችም። ድምፅ ማጉያው ግን ያንን ቀጭን ድምጿን ያዘው።

«አባቴ፣ ምነው ለኔ አልነገሩኝ? ምነው የኔንም ልጅ ቢገዝቱልኝ? ባውቅ እኮ እኔም እንዲህ እግርዎ ላይ እወድቅ ነበር።»

መምሬ ማጉያውን ዝቅ አደረጉና ሊያነሷት ጎንበስ አሉ። እናቴ ጓደኛዋን ልታቅፍ እጇን ዘረጋች። ያቺ ሴት በቀረው ዕድሜዋ ሁሉ ልጇን የገደለውን ነገር ምነው ባገኘሁት እያለች ልትኖር ነው። አልቻልኩም። ጃንጥላውን መሬት ላይ አስቀመጥኩት።

«እትዬ ስንዱ» አልኳት፣ «ግዝቱ ለኪዳኑም ደርሶታል።»

«ሐመልማል!» አለች እናቴ።

«ደህናዋን ብስክሌቱን ለኔ ሰጥቶኝ ነው የሞተው። የኔዋ በግዝት ታስራ ስለነበር። የሱ ፍሬን አልቆ ነበር፤ የኔዋ ላይ አዲስ ነበር፤ ሰው ሁሉ ውጉዝ እንዳይሆን ፈርቶ፣ ፈትቶ የሚገጥምለት ጠፋ። ይኸው ነው እትዬ። ሌላ የለውም።»

እትዬ ስንዱ ከመሬት ሳትነሳ መምሬን አየች። መምሬ መስቀላቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው መሬት መሬት ያያሉ። ከዚያ ዞራ እናቴን አየች።

«እውነት ነው ደብሪቱ?»

«ልጄን ብየ ነው ስንዱየ» አለች እናቴ። «ሌላ አላሰብሁም። ልጄን ብየ ነው። አንዲት ልጄን።»

«የኔስ?» አለች እትዬ ስንዱ።

በስተኋላ የቆሙት ሴቶች ማጉያው ዝቅ ካለ ወዲህ የተባለውን አልሰሙም ነበርና ገና እልል ይላሉ።